የሥራ ስፓኒሽ ከዜሮ ለሚጀምር፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ስፓኒሽ ለሥራዬ ልማር ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው አፕ ይሻላል?» ብሎ ነው። ከአፑ በፊት መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ስፓኒሹ የሚያስፈልጋችሁ ለአፍ ነው ወይስ ለወረቀት? ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ፣ ጋራዥ፣ የጽዳት ሥራ፣ ግንባታ፣ አስጎብኚነት የአፍ ሥራዎች ናቸው። ሰውዬው ፊታችሁ ቆሞ መልስ ይጠብቃል፤ ሰዋስዋችሁ ቢንጋደድም ትግባባላችሁ። አስመጪነት፣ የሒሳብ ክፍል፣ የጉዞ ወኪልነት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ ደግሞ የወረቀት ሥራ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ለማሰብ ጊዜ አለ፤ የተጻፈ ስሕተት ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። ለአንዱ የሚጠቅመው ትምህርት ለሌላው ጊዜ ማባከን ስለሚሆን ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «ቢዝነስ ስፓኒሽ» ተብሎ የሚሸጥ ኮርስ ለጀማሪ አልመክርም። ብዙዎቹ የተዘጋጁት መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ተማሪ ነው። ስለ ኩባንያ መዋቅር፣ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ስብሰባ አጀንዳ ያወራሉ። «ነገ ጠዋት ስንት ካርቶን ታመጣልኛለህ?» ማለት ለማይችል ሰው «ባለአክሲዮን» የሚለውን ቃል ማወቅ ምን ያደርግለታል? ያው ተራው ስፓኒሽ ነው፣ የእናንተ ሥራ ቃላት ሲጨመሩበት የሥራ ስፓኒሽ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለአጠቃላይ ኮርስ ስጡ፤ ጎን ለጎን በየቀኑ ሥራ ላይ የምትሏቸውን አርባ ሃምሳ ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጽፋችሁ ያዙ። ያንን ወረቀት ወደ ስፓኒሽ የሚለውጥላችሁ አማራጭ የቱ ነው? ምርጫው እዚህ ላይ ነው የሚለየው።

ከየትኛው አገር ሰው ጋር?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከውጭ አገር ከመጡት ማኅበረሰቦች ትልቁ የኤል ሳልቫዶር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ላይ የኛ ሱቅና የእነሱ ሱቅ ግድግዳ ይጋራል፤ በኪችኑም በፓርኪንጉም አብረን ነን። የሳልቫዶር ሰው ከወዳጁ ጋር ሲያወራ «አንተ» ለማለት «ቦስ» ይላል፤ አብዛኛው ኮርስ የሚያስተምረው ግን «ቱ» የሚለውን ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ ከስፔን የመጣ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ሰው ደግሞ «እናንተ» ለማለት «ቦሶትሮስ» ያስፈልገዋል፤ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ይህ ቃል በዕለት ንግግር የለም፣ «ኡስቴዴስ» ነው የሚባለው። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ኮርሶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላቲን አሜሪካ ያደላሉ፤ አንዳንዶቹ ቦሶትሮስን ጭራሽ ይዘሉታል። አስጎብኚ የሆነ ሰው ኮርስ ሲመርጥ መጀመሪያ ይህንን ይመልከት።

በአክብሮቱ በኩል እኛ አንቸገርም። «ኡስቴድ» እርስዎ ማለት ነው፤ መቼ ሰውን እርስዎ እንደሚሉት ለአማርኛ ተናጋሪ ማስተማር አያስፈልግም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ስፔን ውስጥ ቢሮም ቢሆን ቶሎ ወደ «ቱ» ይገባሉ፤ ቦጎታ ውስጥ ግን ወንድማማቾች እንኳ «ኡስቴድ» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ለሁሉም «ኡስቴድ» በሉ። ማድሪድ ላይ ትንሽ ቆፍጠን ያለ ሰው ትመስሉ ይሆናል እንጂ የሚቀየማችሁ የለም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስፔን ውስጥ «ኮኼር» መያዝ፣ መውሰድ ማለት ነው፤ አውቶቡስ ለመያዝ ሁሉ ይጠቀሙበታል። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ግን ብልግና ነው። ከስፔን መጽሐፍ የተማረ ሰው ሜክሲኳዊ ደንበኛ ፊት ሲለው ኪችኑ በሙሉ በሳቅ ይፈነዳል።

አዲስ አበባ ቢሮ ለሚሠሩ፦ ስፓኒሽ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ኢኳቶሪያል ጊኒም የመንግሥት ቋንቋዋ አድርጋዋለች። እዚያ የሚነገረው ከስፔኑ ስለሚቀርብ የስፔን ኮርስ ብትመርጡ አያስቸግርም።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ስፓኒሽን ከቀላሎቹ ቋንቋዎች ተርታ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሠልጣኝ ቢሮ ውስጥ ሊሠራበት እስኪችል ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይገምታል፤ ለአማርኛ የሚይዘው 1100 ያህል ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያጠና ሰው 600 ሰዓት ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስታውሱ። በአንጻሩ ሽንኩርት ለማዘዝ፣ ሠራተኛን ፈረቃ ለመመደብ፣ ደንበኛን ሰላም ብሎ ዋጋ ለመናገር 600 ሰዓት አያስፈልግም። የአፍ ሠራተኛ የራሱን ዓረፍተ ነገሮች ይዞ ከሠራ በወራት ውስጥ ለውጡን ያየዋል፤ የወረቀት ሠራተኛ ግን ረጅሙን መንገድ ማቀድ አለበት።

አማርኛችን የሚያግዝበትና የማያግዝበት

ይህን ክፍል ለብቻው ያነሣሁት ምርጫውን ስለሚለውጠው ነው። ኮርሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት ደግሞ እኛ የምንቸገርበት አይደለም።

ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ሁሉም ፊደላችን ውስጥ አሉ። ፈረንጆቹ ብዙ የሚለማመዷት የ«ኝ» ድምፅ ለኛ ተራ ነገር ናት፤ ነገ ማለት «ማኛና» ነው፣ በግዕዝ ፊደል ስትጽፉት ምንም አይጎድልበትም። ሥራ ማለት «ትራባኾ» ነው፤ «ኸ» አለችን። ግሱም እንደ አማርኛው ባለቤቱን በውስጡ ይይዛል። «ፓጎ» ብቻውን «እከፍላለሁ» ማለት ነው፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም። ለዕቃ ሁሉ ጾታ መስጠቱም ብዙ አይገርመንም። ስለዚህ ስለ ፊደላቱ አነባበብና ስለ ባለቤት መቅረት የሚደጋገሙትን የመጀመሪያ ትምህርቶች ያለ ሐሳብ ዝለሏቸው።

የሚያስቸግረን የድምፅ ጫና ነው። «ፓጎ» ስትሉ መጀመሪያውን ጠበቅ ካደረጋችሁ «እከፍላለሁ» ነው፤ መጨረሻውን ካደረጋችሁ «ከፈለ» ይሆናል። ካሸር ላይ ቆማችሁ ሠራተኛችሁ ስለ አንድ ደንበኛ «ፓጎ» ሲላችሁ የትኛውን እንዳለ መስማት አለባችሁ፤ ፊደላችን ደግሞ ልዩነቱን አያሳይም። ደብተራችሁ ላይ ጫና ያለበትን ፊደል ከሥሩ አስምሩበት። ቁጥሮቹም እንዲሁ ጆሮ ይፈልጋሉ። 60 «ሴሴንታ» ነው፣ 70 «ሴቴንታ»። 2 «ዶስ»፣ 12 «ዶሴ»። 3 «ትሬስ»፣ 13 «ትሬሴ»። በስልክ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ኪሳራ የሚመጣበት ከዚህ ነው። እናም ለአፍ ሥራ የሚማር ሰው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ኮርስ ከመረጠ ዋናውን ችግር አልነካውም ማለት ነው።

ለጋራዥ ሰዎች አንድ ስጦታ አለ። ከጣሊያንኛ የወረስናቸው የመኪና ቃላት ለስፓኒሹ ዘመድ ናቸው። ሞተር «ሞቶር»፣ ፍሬን «ፍሬኖ»፣ ባትሪ «ባቴሪያ» ነው፤ ካምቢዮም «ካኻ ዴ ካምቢዮስ» ውስጥ አለ። ሁሉም ግን አይሠራም። ፍሪሲዮን «ኤምብራጌ» ነው። ጎማ ኩባ ውስጥ ያው ጎማ ነው፤ ለሳልቫዶር ሰው ግን «ጎማ» ማለት ጠጥተው ያደሩበት ማግስት የሚሰማው ሕመም ነው። የመኪናውን ጎማ «ያንታ» ነው የሚለው።

አፖች

ዱኦሊንጎ ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ነው፣ በየቀኑ እንድትመለሱ ይጎተጉታል። የስፓኒሽ ኮርሱ ካሉት ሁሉ ሰፊዎቹ ተርታ ነው። ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስተምርበት መስመር ግን የለም፤ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የምትገቡት። ልማድ ለመያዝና ማንበብ ለመጀመር ጥሩ ነው። ለአፍ ሥራ ግን ደካማ ነው፤ ቃላት እየነካካችሁ ዓረፍተ ነገር ስትገጣጥሙ መናገር የቻላችሁ ይመስላችኋል፣ ሰው ፊት ስትቆሙ አይመጣም። ተከታታይ ቀን የሚቆጥረው ነገር ደግሞ አንዳንዱን ሰው ያታልለዋል፤ እሳቷ እንዳትጠፋ ብቻ በቀን ሁለት ደቂቃ የሚነካ ሰው እየተማረ አይደለም።

ባቤል የሚከፈልበት ነው። ሰዋስውን ያስረዳል፣ ንግግሮቹም ወደ ዕለት ኑሮ የቀረቡ ናቸው። ሁለቱን ካወዳደርኩ ለወረቀት ሠራተኛ ባቤልን እመርጣለሁ፤ ለአፍ ሠራተኛ ሁለቱም ረዳት እንጂ ዋና ሊሆኑ አይገባም።

አንኪ ኮርስ አይደለም፤ የራሳችሁን የጥያቄና መልስ ካርድ ጽፋችሁ የምታስገቡበት ነው። ለዚያ አርባ ሃምሳ ዓረፍተ ነገር ግን ከእሱ የሚሻል የለም። በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ በአይፎን ይከፈልበታል።

በጆሮ የሚማሩት

መኪና ነድቶ ለሚያድር፣ ወይም ፓርኪንግ ቁጭ ብሎ ሰዓት ለሚያሳልፍ ሰው ምርጫው እዚህ ነው።

ፒምስለር ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚሆኑ የድምፅ ትምህርቶች ናቸው፤ አንዱ ደረጃ 30 ትምህርት አለው። አንድ ነገር ይነግራችኋል፣ ዝም ይላል፣ ጮክ ብላችሁ እንድትመልሱ ይጠብቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያንኑ በሌላ መልክ ይጠይቃችኋል። አፍ የሚፈታው በዚህ ነው። ገና ከመጀመሪያው «ኡስቴድ» ማስለመዱ ለሥራ የሚማረውን ይጠቅመዋል። የስፔኑና የላቲን አሜሪካው ለየብቻ አለ። ጉድለቱ ቃላቱ ጥቂት መሆናቸው፣ ማንበብ ብዙም አለማስተማሩና ዋጋው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሠፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በቤተ መጻሕፍት ካርድ ብቻ ፒምስለርን ወይም ማንጎ የሚባለውን የቋንቋ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣሉ። ይህን ሳያውቁ በየወሩ የሚከፍሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ላንጉጅ ትራንስፈር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ የስፓኒሹ ኮርስ 90 አጫጭር ትምህርቶች አሉት። አስተማሪው ከአንዲት ተማሪ ጋር ሲነጋገር ትሰማላችሁ፤ እሷ ከመመለሷ በፊት ድምፁን አቁማችሁ እናንተ ትመልሳላችሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚባል እንዲገባችሁ የሚያደርግ እንደዚህ ኮርስ አላየሁም። ነገር ግን መነሻው እንግሊዝኛ ውስጥ ያሉት የላቲን ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ ላይ በ«ሽን» የሚያልቀውን ወደ «ሲዮን» ለውጡ፣ በሺሕ የሚቆጠር ቃል አገኛችሁ ይላል። እንግሊዝኛችሁ ጠንካራ ከሆነ ይህ ወርቅ ነው። እንግሊዝኛውም ገና ከሆነ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንባችኋል፤ ሁለት ቋንቋ በአንዴ ትማራላችሁ።

እንግሊዝኛቸው ገና ለሆነ ሰዎች የሚሻለው ድሪሚንግ ስፓኒሽ ዓይነቱ ነው። ቪዲዮ ነው፤ አስተማሪው በስፓኒሽ ብቻ፣ በዝግታ፣ ሥዕል እየሣለና በእጁ እያሳየ ያወራል። ተርጓሚ ቋንቋ የለም፤ ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ እናትም አባትም እንደ ማንም እኩል ይከታተሉታል። ችግሩ ቶሎ መናገርን አለማበረታታቱ ነው። መጀመሪያ ብዙ መቶ ሰዓት ስሙ ይላል፤ ሰኞ ሥራ የሚጀምር ሰው ያን ያህል አይጠብቅም።

ኮሌጅ

ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂንያ ላይ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ስፓኒሽ ያስተምራሉ። ካልተቆጣጠሩት የማያጠና ሰው ከሆናችሁ፣ ወይም ዲግሪ ላይ የሚቆጠር ክሬዲት ከፈለጋችሁ እዚያ ሂዱ። የክፍሉ ርእሶች ግን ለኮሌጅ ተማሪ የተመረጡ ናቸው፤ የትርፍ ጊዜ፣ የዶርም ኑሮ፣ የእረፍት ጉዞ። የእናንተ ሱቅ እዚያ ውስጥ የለም። ፈረቃው ለሚቀያየር ሰውም ይከብዳል።

አስተማሪ መቅጠር

ለአፍ ሥራ የምከራከርለት አማራጭ ይህ ነው፣ አያያዙን ካወቁበት። አይቶኪና ፕሬፕሊ በሚባሉት የኦንላይን አስተማሪ መፈለጊያዎች ላይ አስተማሪው ዋጋውን ራሱ ይተምናል። አይቶኪ ላይ የሠለጠኑ አስተማሪዎችና ተራ አነጋጋሪዎች ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የሁለተኞቹ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ጀማሪ ስለሆንኩ የግድ ባለሙያ ያስፈልገኛል ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰዋስውን ከላይ ካልኳቸው ነፃ ኮርሶች አግኙት፤ አስተማሪውን ለልምምድ ተጠቀሙበት።

አያያዙ እንዲህ ነው። የደንበኞቻችሁ አገር ሰው ምረጡ። ሠራተኞቻችሁ ከኤል ሳልቫዶር ከሆኑ አስተማሪውም ከዚያ ወይም ከጎረቤት አገር ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ላይ መጽሐፍ አልፈልግም በሉ። በምትኩ የራሳችሁን ሜኑ፣ የራሳችሁን ኢንቮይስ፣ ከዕቃ አቅራቢያችሁ ጋር የተጻጻፋችሁትን የዋትስአፕ መልእክት፣ ያንን የአማርኛ ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ። እሱ አቅራቢ ይሁን፣ እናንተ ገዢ። ለምሳሌ እንዲህ፦

— ኬዳ ሴቦያ? (ሽንኩርት ቀርቷል?)
— ሲ፣ ፔሮ ሱቢዮ ኤል ፕሬሲዮ። (አዎ፣ ግን ዋጋው ጨምሯል።)
— አ ኩዋንቶ ላ ካኻ? (ሣጥኑ በስንት ነው?)
— አ ቤይንቲዶስ። (በሃያ ሁለት።)
— ሜ ላ ዴኻ ኤን ቤይንቴ? (በሃያ ያደርጉልኛል?)

የመጨረሻዋን መስመር አፕ ላይ ፈልጋችሁ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ ገበያ ላይ ግን በየደቂቃው ትሰማለች። ይህችን ንግግር በሽንኩርት፣ ከዚያ በቲማቲም፣ ከዚያ በዶሮ፣ ቁጥሩን እየቀያየራችሁ አሥር ጊዜ ከተለማመዳችሁ ሥራ ላይ ትወጣለች። አንድ ሙሉ ሰዓት በሳምንት ከምትወስዱ ግማሹን ግማሹን ከፍላችሁ ሁለቴ ውሰዱ፤ በመካከሉ እየረሳችሁ ከመጀመሪያው አትነሡም።

ለኛ ብቻ ያለ አንድ አማራጭም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ወደምትባለው ደሴት ተወስደው እዚያ ተምረዋል፤ ብዙዎቹ በኦጋዴን ጦርነት አባታቸውን ያጡ ነበሩ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱት ዛሬም አዲስ አበባ አሉ፤ በውጭም በየከተማው ይገኛሉ። ስፓኒሽን በአማርኛ ሊያስረዳችሁ የሚችል ሌላ ሰው የት ይገኛል? «እንደ አማርኛው እንዲህ በለው» የሚል አስተማሪ ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ በተለይ እንግሊዝኛቸው ደካማ ለሆነ። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የኩባ አነጋገር በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጣታል፤ ጆሯችሁ እሱን ብቻ ከለመደ ሌላውን ለመስማት ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ደግሞም በሶሻሊስት ትምህርት ቤት ያደገ ስፓኒሽ ስለ ብርጌድና ስለ ሸንኮራ አገዳ እንጂ ስለ ቅናሽና ኮሚሽን ብዙ አላወራም። ሰዋስውን ከእነሱ፣ የገበያውን ቋንቋ ከገበያው ውሰዱ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የልምምዱን ዋጋ ወደ ዜሮ ያወርዱታል፤ ሌሊትም ቢሆን አቅራቢ ሆነው ይከራከሯችኋል። ግን በግልጽ ካላዘዛችኋቸው ስሕተታችሁን አልፈው ይሄዳሉ። የአገሩን ስም፣ «ኡስቴድ» መጠቀም እንዳለባቸውና እያንዳንዱን ስሕተት እንዲያርሙ መጀመሪያ ንገሯቸው።

ለወረቀት ሥራ

እዚህ ሥርዓት ያለው ኮርስ ያስፈልጋል። ኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ፣ የስፔን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ያቋቋመው ተቋም፣ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ የሚሄድ የኦንላይን ኮርስ አለው፤ ብቻችሁን ወይም ከአስተማሪ ጋር ልትወስዱት ትችላላችሁ። ነፃ የሚፈልግ ኤዴክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የጀማሪ ስፓኒሽ ይሞክር፤ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው።

የወረቀት ሰው የሚሰናከለው ግን ብዙ ጊዜ ሰዋስው ላይ አይደለም። ቁጥር አጻጻፍ ነው። ስፔንና አብዛኛው ደቡብ አሜሪካ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ከሃምሳ ሳንቲም ሲጽፉ 1.500,50 ይላሉ፤ ሜክሲኮና አብዛኛው መካከለኛው አሜሪካ 1,500.50 ይጽፋሉ። ነጥቡንና ኮማውን ያላስተዋለ ሰው 1.500ን አንድ ተኩል ብሎ ያነብበዋል። «ቢዮን» የሚለውም ቢሊዮን አይደለም፤ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው። ቢሊዮን ለማለት «ሚል ሚዮኔስ» ይላሉ። ቀን ሲጻፍ ቀኑ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፤ አሜሪካ ያላችሁ እዚህ ተጠንቀቁ። ዋጋ ማቅረቢያ ላቲን አሜሪካ ውስጥ «ኮቲሳሲዮን» ነው፣ ስፔን ውስጥ «ፕሬሱፑዌስቶ»። ዋጋ ሲነገራችሁም «ኮን ኢባ ኦ ሲን ኢባ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ታክሱን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር ማለት ነው። መደበኛው ታክስ ስፔን ውስጥ 21 በመቶ፣ ኮሎምቢያ 19፣ ሜክሲኮ 16፣ ኤል ሳልቫዶር 13 ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ስም አጠራሩም የኛ ተቃራኒ ነው። እነሱ ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ጋርሲያ ሎፔስ የሚባለውን ሰው ደብዳቤ ላይ «ሴኞር ጋርሲያ» ነው የምትሉት፣ በመጀመሪያ ስሙ አይደለም፣ በመጨረሻውም አይደለም። የእናንተን ስም ደግሞ አያትን እንደ ሁለተኛ የቤተሰብ ስም ቆጥረው በአባታችሁ ስም ይጠሯችኋል፤ ኢንቮይሱ ላይ በየትኛው እንደሚመዘገብ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ቡና ላኪዎች ብዙ ጊዜ ስፓኒሽ እንማር ወይ ይላሉ። ለውሉ ከሆነ አያስፈልግም። አውሮፓ ውስጥ የቡና ሽያጭ በብዛት የሚፈጸመው በአውሮፓ ቡና ፌዴሬሽን መደበኛ ውል ነው፤ ንግዱም በእንግሊዝኛ ይሄዳል። ገዢው አዲስ አበባ ሲመጣ ቅምሻው ላይ ለመጨዋወት የሚሆን ስፓኒሽ ይበቃችኋል፤ ለዚያ ፒምስለርና ጥቂት የአስተማሪ ሰዓት በቂ ነው። አስጎብኚ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይከፈለዋል ብዬ አምናለሁ። ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያ የደረሰው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤስ የማድሪድ አካባቢ ሰው እንደነበር በስፓኒሽ የሚተርክ አስጎብኚ ከሌላው ይለያል። እሱ የሚያስፈልገው የስፔን አስተማሪና በቃል የሚያዝ ትረካ ነው፤ አፕ ላይ ጊዜ አያጥፋ።

ምስክር ወረቀት

ሱቅና ሬስቶራንት ያላችሁ ይህን እለፉት። ለቅጥር የሚፈልግ ሰው ከሁለት ፈተናዎች አንዱን ይመርጣል። ዴሌ በኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ በኩል በዓመት በተወሰኑ ቀናት ይሰጣል፤ አንዱን ደረጃ መርጣችሁ ትገባላችሁ፣ ወይ ታልፋላችሁ ወይ ትወድቃላችሁ፣ ካለፋችሁ ግን ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም። ሲዬሌ በኮምፒውተር ነው፤ ሴርቫንቴስ ከሜክሲኮው ኡናም፣ ከሳላማንካና ከቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያዘጋጀው ነው። መውደቅ የለበትም፤ ያላችሁበትን ደረጃ ይነግራችኋል፣ ውጤቱ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ክፍሎቹንም ለያይቶ መውሰድ ይቻላል። አሠሪው «ዴሌ» ብሎ ስሙን ካልጠራ በቀር ለጀማሪ ሲዬሌን እመርጣለሁ፤ ክፍያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን የትኛውን እንደሚቀበል አሠሪውን ራሱን ጠይቁት።